መልስ፦ የውጫሌን ውል ሳስተምር ተማሪዎቼ ጽፈው ዝም ይላሉ፤ ምን ላድርግ?

ገለጻውን አቆዪና በ17ኛው አንቀጽ ጀምሪ። ሰሌዳውን ለሁለት ክፈይው። በአንድ በኩል የአማርኛውን ሐሳብ ጻፊ፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል»። በሌላው በኩል የጣልያንኛውን፦ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ «ይስማማሉ»።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ምርጫው በየትኛው ቅጂ የንጉሡ ነው? ሁለት ሁለት ሆነው አምስት ደቂቃ ይከራከሩበት። የ1881ዱን ፊርማና የ1888ቱን አድዋ ከክርክሩ በኋላ አምጪ፤ ያኔ ዓመተ ምሕረቶቹ ትርጉም ይኖራቸዋል።

አደራ፣ ጠይቀሽ ራስሽ አትመልሺ። እኔ ለልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ዝምታው ስላስፈራኝ ቶሎ እመልስ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ግማሽ ድረስ የተነሣች እጅ ስትመለስ አየሁ፤ ልጅቷ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ደግማ አላነሣችም።