መልስ፦ በሰይፍ ትርኢት ላይ የጓደኛዬን ጣት እየመታሁ ነው፣ ምን ላድርግ?

የጓደኛህ ጣት የሚመታው አንተ ስለምትቀድመው ነው እንጂ እሱ ስለሚዘገይ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ቀይር፦

1. ሰይፍህን አንሳና ዓይኑን እየው። ምቱ ወዴት እንደሚመጣ ከአነሳስህ ይወቅ።
2. እሱ መመከት ይጀምር።
3. አንተ ያን ጊዜ ሰንዝር።

ተመልካቹ ክፍተቱን አያይም፤ እንዲያውም ምቱ የከበደ ይመስለዋል።

ርቀቱንም ለካ። ክንድህን ሙሉ ዘርግተህ የሰይፉ ጫፍ ከደረቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ወደ ትከሻ ስትሰነዝር ከትከሻው ወጣ ወዳለ አየር አነጣጥር። ብረት ብረት ሲነካ ጉልበትህን እዚያው አቁም፤ ድምፁ ይበቃል። እሱም በጫፉ ሳይሆን ወደ እጀታው በቀረበው ወፍራም ክፍል ይመክት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዶልዷማ ሰይፍም ይቆርጣል። ብረት ለብረት ሲጋጭ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያወጣል፣ ያ ጥርስ ጓንት ይቀድዳል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ ጨርቅ በስሱ አሳልፍበት፤ የያዘው ቦታ ካለ በሞረድ አለስልስ። የአሉሚኒየም ሰይፍ ይዞ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ካለ ደግሞ ከብረት ጋር አታጋጥሙት፣ በአንድ ቀን ይበላል።