ምሳ ዕቃውን ማን ይቆጣጠር? ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች በነርስነት ሠርቻለሁ። ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን አዞረኝ ብሎ የሚመጣ ልጅ ሲኖር መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደበላ ነው። ትምህርት ቤት የልጆችን ምሳ መቆጣጠር አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ዙሪያ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ረዳት መምህሯ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ኬኩን ወሰደችባት። ደንቡን እናትሽ ታውቃለች አለቻት። መብት አላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ ኬክ አትላኩ ብሎ ደንብ ማውጣት ይችላል። ከልጅቷ ፊት ማንሳት ግን በፍጹም አይገባም። ምሳውን የቋጠረችው እሷ አይደለችም። በጓደኞቿ ፊት ምግቧ የተወሰደባት ልጅ በማግስቱ ደብቃ ትበላለች፣ ካልሆነም ምሳ ዕቃውን ጭራሽ አትከፍተውም፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። ቅሬታ ካለ በመገናኛ ደብተሯ ይጻፍ ወይም ይደወልልሽ፤ የዚያን ቀን ምሳዋን ግን ትብላ።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ የሚሸጠውንና የሚያበስለውን አጥብቆ ይቆጣጠር። ከቤት የሚመጣውን በተመለከተ ከወላጅ ጋር ይነጋገር፤ ልጁን አይቅጣ።

ጥያቄ፦ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ቺፕስና ለስላሳ እንዳይመጣ ከለከልን። ወላጆች ደግሞ የራሳችሁ ካፌ እየሸጠው እኛን እንዴት ትከለክላላችሁ ብለው ተቆጡ።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ አብዛኛውን ጊዜ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም፣ 5 በመቶው 20 ግራም ነው። እንግዲህ በእረፍት ሰዓት የተጠጣች አንዲት ለስላሳ የቱ ጋ እንደምታደርሰው ያስሉት። ቺሌ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበት ምልክት የተለጠፈበት ምግብ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጥ አግዳለች። እርስዎም ካፌውን አስቀድመው ያጽዱ፤ ለወላጅ ደብዳቤ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በፍስክ ቀንም ሥጋ አትላኩ ይሉናል። ይህስ ከልክ አያልፍም?

መልስ፦ ይህን ደንብ እደግፋለሁ። ልጆች ይጎራረሳሉ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበሉት፤ የስድስት ዓመት ልጅ ጓደኛውን ሲያጎርስ የማን ሥጋ እንደሆነ አይጠይቅም፣ ደግሞም እንዲጠይቅ አልፈልግም። ሥጋውን ማታ ቤቱ ይብላ። ረቡዕና ዓርብ እንቁላል ወይም ወተት የያዘን ልጅ መቆጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ ይጹም አይጹም የሚለውን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ለሚጾም ልጅ ምስር፣ ሽሮና አተር ጥሩ ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ብርቱካን አብሮ መላክ ሰውነቱ ብረቱን በደንብ እንዲወስድ ይረዳል። ሻይ ግን ብረቱን ያስቀራል፤ ስለዚህ ኮዳው ውስጥ ውሃ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል የቋጠርኩት ሩዝ 6 ሰዓት ላይ ሲከፈት ሸተተ አለኝ ልጄ።

መልስ፦ ልጅሽን እመኚው። ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ የበሰለ ምግብ እዚያ መሃል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ያንቺ ሩዝ አምስት ሰዓት ተኩል ቆይቷል። የትናንት ማታ ሩዝ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሩዝ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሬስ የተባለው ባክቴሪያ ከሚያመነጫቸው መርዞች አንዱ ምግቡ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ካለሽ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልተሽ አሥር ደቂቃ ያህል ክደኚው። ከዚያ ውሃውን ድፊና የሚያቃጥለውን ምግብ እስከ አፉ ሙይው፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ያለሽ ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ሩዙን፣ ሥጋውንና ወተት የገባበትን ተዪው። ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቃል። ደረቅ ያለ እንጀራ ፍርፍርም ኮምጣጣነቱ ስለሚረዳው ከሩዝ የተሻለ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ለኬጂ ልጅ ቆሎ ልላክ?

መልስ፦ አይ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በቆሎና በኦቾሎኒ ሊታነቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል። እኛ ምሳ አናጣም፤ ምገባውን ለተቸገረ ልጅ ይተውለት?

መልስ፦ አባቴ፣ አሳብዎ የደግ ሰው ነው፤ ግን ከጓደኞቹ ጋር ይብላ። ቀደም ሲል የእናት ወግ የበጎ አድራጎት ማኅበር የተቸገሩትን መርጦ ይመግብ ነበር። ያ ብዙ ልጅ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አድርጓል፤ ሆኖም ተመርጦ የሚበላ ልጅ ይታወቃል፣ ይሸማቀቃል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ለሁሉም ሲያቀርብ ትልቁ ለውጥ ለእኔ ይህ ነው፤ ድሃው ልጅ ከሌላው አይለይም። የእርስዎ ልጅ ምሳ ዕቃ ይዞ ለብቻው ከተቀመጠ ያ ልዩነት ተመልሶ ይመጣል። መርዳት ከፈለጉ የወላጅ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡና የወጥ ቤቱን ውሃና የእህሉን አቀማመጥ ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ምሳውን ሳይነካ ይዞት ይመለሳል። ምግቡን ልቀይርለት?

መልስ፦ ምግቡን ከመቀየርሽ በፊት ለምሳ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጣቸው ጠይቂ። እጅ ለመታጠብ የሚሰለፉበት ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ቅዳሜ ደግሞ ምሳ ዕቃውን እንደ ሁልጊዜው ዘግተሽ ስጪውና ሳታግዢው ይክፈተው። ያ በላስቲክ የሚጠብቀው ክዳን ለትንሽ ጣት ይከብዳል፤ ከፍቱልኝ ማለት የሚያፍር ልጅም ዝም ብሎ ይዞት ይመጣል።