ከባሕር ዳር መሶብ ጭናችሁ ለምትመለሱ

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ከውጭ አገር ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ቅዳሜ ገበያ ሳይገባ አይመለስም። መሶብ ይገዛል፣ ሙዳይ ይገዛል፣ ለዘመድ ጋቢና ነጠላ ያስጠቀልላል። ሲመለስ ጎረቤቱ ያይና “ይሄ ምንድን ነው? ከየት ይገኛል?” ይለዋል። ኢንተርኔት ላይ ልሽጥ የሚለው ሐሳብ የሚወለደው እዚያ ጋ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ውጭ በነበርኩበት ዘመን የእጅ ሥራ በሚሸጥበት ኤትሲ በሚባል ድረ ገጽና በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ከሥራ በኋላ እየሸጥኩ ኖሬያለሁ። አሁን ባሕር ዳር ገብቼ ስለምኖር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለውን ብቻ ሽጡ። “ከአገር ቤት አስልክልሃለሁ” እያላችሁ ቀን አትቁረጡ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሁልጊዜ እንደታሰበው አይሆንም። አሜሪካም ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት አቁማለች። ከባሕር ዳር በቀጥታ ለገዢ የሚላክ ትንሽ ጥቅልም ቀረጥ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በሻንጣ የምታስገቡትም ለሽያጭ ከሆነ ጉምሩክ ላይ በግልጽ ተናገሩ። የሣር ሥራ ሁሉ፣ ሐይቁ ዳር የሚሸጡትን ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ጨምሮ፣ የዕፅዋት ውጤት ስለሆነ እሱንም ተናገሩ። ካልደበቃችሁት አብዛኛውን ጊዜ አይተው ያሳልፉታል፤ ከደበቃችሁት ግን ጣጣ ነው።

ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። አሜሪካ ውስጥ በኤትሲ አንድ መሶብ በ60 ዶላር፣ መላኪያውን በ15 ዶላር ሸጣችሁ እንበል። ዕቃውን ለመለጠፍ 20 ሳንቲም ይወስዳል። ከዚያ ከ75ቱ ዶላር ላይ 6.5 በመቶ፣ ለክፍያ ማስተናገጃ ደግሞ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ይቆርጣል። ተደምሮ 7 ዶላር ከ58 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ድርጅቱ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ በኩል ገዢ ከመጣ ሌላ 15 በመቶ አለ። ትንሽ ሻጭ ይህን ማስታወቂያ ማጥፋት ይችላል፤ ሱቁን በከፈታችሁበት ቀን አጥፉት። በፌስቡክ ሰፈር ውስጥ በአካል ስትሸጡ ኮሚሽን የለም፤ ትልቅ መሶብ በፖስታ ማመላለስ ስለሚከብድ እሱን እዚያ ብትሸጡት ይሻላል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ፤ እኔን የሚገደኝ ይሄኛው ነው። መሶብ ስትገዙ ገልብጡት። ወለሉ ላይ ያለው ስፌት ጥብቅ ነው ወይስ ጥፍር ያስገባል? ጎኑን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ጥሩ ስፌት አይሰረጉድም። ነጭ ጨርቅ በውኃ ነክራችሁ አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን ሣር፣ ፈግፈግ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ የገዢው ጠረጴዛ ላይም ይለቃል። በሰንደዶና በአክርማ ሣር የተሰፋውን በፋብሪካ ክር ከተጠቀለለው ለዩ። ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ግን ስትለጥፉ የሆነውን ጻፉ። ጋቢና ነጠላም እንደዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። “ሙሉ በሙሉ በእጅ የተፈተለ” ብላችሁ ከጻፋችሁ ጨርቅ የሚያውቅ ገዢ ይይዛችኋል።

ያለፈው ሰሞን ገበያ ውስጥ አንዲት እናት አለላ ሙዳይ ይዘው ተቀምጠዋል። “እናታለም፣ ስንት ቀን ፈጀብዎ?” አልኳቸው። “ቀኑን ማን ቆጥሮት ልጄ፤ በጋውን ሙሉ ጥግ ጥጉን ስሰፋው ነው የከረምኩ” አሉኝ። አጠገቤ የነበረ ከውጭ የመጣ ልጅ የጠሩትን ዋጋ በግማሽ ሊያስቀንስ ተነሣ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላር የያዘ ሰው ጉልበቱ ጨምሯል። ለሰፊዋ እናት ግን ዘይቱም ጤፉም ተወዷል። መጠነኛ ክርክር የገበያ ወግ ነው። የበጋ ሥራን በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ወስዶ ውጭ በብዙ እጥፍ መሸጥ ግን ግፍ ነው። ሰፊዋ ከፈቀዱ እጃቸውንና ወስፌያቸውን ፎቶ አንሡ፤ ሳይፈቅዱ ግን የማንንም ፊት አትለጥፉ።

ፎቶውን በመስኮት ብርሃን፣ በነጭ ግድግዳ አንሡት። ቁመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትርም በኢንችም ጻፉ። ገዢ ዕቃ የሚመልሰው በብዛት መጠኑ ካሰበው ሲለይበት ነው።

አንድ ነገር በጣም አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማንም ቢያቀርብላችሁ አትንኩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን ያያችሁ ሰዎች እነዚያ ገዳማት ምን እንደያዙ ታውቃላችሁ። ኤትሲ 20 ዓመት የሞላውን ዕቃ “ቪንቴጅ” ብሎ መሸጥ ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ ሕግ ግን ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህንኑ ይደነግጋል። አዲስ ብራና በጢስ አጥቁረው “የጥንት ነው” የሚሉም አሉ። እውነተኛ ከሆነ ወንጀል ነው፤ ሐሰተኛ ከሆነ ማጭበርበር ነው። አሮጌ የሚመስል አዲስ መስቀል ከገዛችሁ እንኳ ኤርፖርት ከመድረሳችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን የይለፍ ማረጋገጫ ያዙ።

አጭበርባሪ አይጠፋም። “በስህተት ብዙ ልኬብሃለሁና መልስልኝ” የሚል፣ ስልካችሁ ላይ የገባውን ኮድ የሚጠይቅ፣ ወዲያው ወደ ዋትሳፕ እንውጣ የሚል ገዢ ገዢ አይደለም። በአካል ስትገናኙ ሰው የሚበዛበት ቦታ ቅጠሩ።

ግብርን በተመለከተ እንደየአገሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በግብር ዓመቱ ጠቅላላ ሽያጫችሁ ከ1,000 ፓውንድ ካላለፈ ብዙውን ጊዜ ማሳወቅ አይጠበቅባችሁም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ሽያጩ በዓመት 30 ከሞላ ወይም ገቢው ከ2,000 ዩሮ ካለፈ የምትሸጡበት ድረ ገጽ ራሱ ለግብር ቢሮ ያሳውቃል። አሜሪካ ውስጥ የግብር ወረቀት ባይላክላችሁም ትርፉን ማሳወቅ አለባችሁ። የገዛችሁበትን ዋጋ በደብተር ያዙ፤ ቅዳሜ ገበያ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ቀኑንና ብሩን እዚያው ጻፉት።

ዕቃውን ከወደዱላችሁ ለቀጣዩ ዓመት በችኮላ አትግዙ። ውጭ ገበያው የሚደራው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሰንደዶ ደግሞ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ለጥምቀት ስትመጡ ከሰፊዋ ጋር ተነጋገሩ፤ መጠኑን በክር ለክታችሁ ክሩን ስጧቸው፣ ቀብድ ክፈሉ፣ የቀረውን ዘመድ መስከረም ላይ ሲረከብ ይክፈል።