በዊስኮንሲን የሳንድሂል ክሬን አደን እንዳይፈቀድ መቃወም እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ማዲሰን አቅራቢያ የምኖር የግሪን ካርድ ባለቤት ነኝ። በየዓመቱ በጸደይ ከቤቴ ጀርባ ባለው ረግረግ የሚሰፍረው ሳንድሂል ክሬን የተባለው ግራጫ ወፍ እንዲታደን የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ መቅረቡን ሰምቻለሁ። ወፉን የፌዴራሉ ሕግ አይጠብቀውም ወይ? ዜጋ ያልሆንኩ ሰውስ መቃወም እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መቃወም ይችላሉ፤ ነገር ግን የፌዴራሉ ሕግ ብቻውን ያድነዋል ብለው ከጠበቁ ጊዜው ያመልጥዎታል። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ይህን ወፍ ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕጉ የቆመበት ስምምነት ክሬኖችን ሊታደኑ ከሚችሉት ወፎች ጋር ስለሚመድባቸው፣ አንድ ክፍለ ግዛት የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ገደብ ውስጥ የአደን ወቅት ሊከፍት ይችላል። ኬንታኪ በ2011፣ ቴነሲም በ2013 ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአንጻሩ ክፍለ ግዛቱ ከፌዴራሉ የጠበቀ ደንብ ማውጣት ስለሚፈቀድለት፣ ዊስኮንሲን አደኑን እንደ ተዘጋ ለማቆየት ሙሉ ሥልጣን አላት።

ረቂቁ ከጸደቀ በኋላ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብለው እንዳይዘናጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ለክሬኖችና ለእርግቦች የቆሙ ነዋሪዎች የእርግብ አደንን ለማስቆም ያቀረቡትን ክስ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ሲወስን፣ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ አደኑን የመፍቀድ ሥልጣን አለው ብሏል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የማደን መብት በክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ድምፅዎ ክብደት የሚኖረው ረቂቁ ገና በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ እጅ ሳለ ነው፤ በ2021 የቀረበው ተመሳሳይ ረቂቅም ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ዜግነትን በተመለከተ፣ ለመንግሥት አቤት የማለት መብት ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት መድረክ ላይ ስምዎንና አድራሻዎን በወረቀት ሞልተው፣ ተቃዋሚ መሆንዎን አመልክተው መናገር ይችላሉ። ነገር ግን ዜጋ ነኝ ብለው በየትኛውም ቅጽ ላይ በጭራሽ እንዳይሞሉ፤ ይህ እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል።

በንግግርዎ የገበሬዎቹን አቤቱታ አያጣጥሉ፣ ጉዳታቸው እውነት ነው። ወፉ በጸደይ የበቀለውን የበቆሎ ቡቃያ ነቅሎ ዘሩን ይበላል። አደኑ ግን የሚካሄደው በመከር ወራት ስለሆነ ማሳውን በጸደይ ከሚደርስበት ጉዳት አይጠብቀውም። ዘሩ አቪፔል በተባለው መድኃኒት ከታሸ ወፉ ጣዕሙን ጠልቶ ይተወዋል፤ ምክር ቤቱ የዚህን ወጪ እንዲጋራ ቢጠይቁ ገበሬውም ከጎንዎ ሊቆም ይችላል። ክሬን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥሎ አንድ ጫጩት ብቻ እንደሚያሳድግ፣ በ1930ዎቹም በዊስኮንሲን ወደ 25 ጥንዶች ብቻ ቀርተው እንደነበር ይጥቀሱ። ከሁሉም በላይ፣ ከ2001 ጀምሮ ወደ ዊስኮንሲን የተመለሰውና ለመጥፋት የተቃረበው ነጩ ሁፒንግ ክሬን ከእነዚሁ መንጋዎች ጋር ስለሚውል፣ ጎህ ሲቀድ በደብዛዛ ብርሃን የሚተኩስ አዳኝ ሊሳሳት ይችላል።

የመድረኩ ማስታወቂያ ብዙ ቀን ሳይቀረው ሊወጣ ስለሚችል፣ ጽሑፍዎን ከአሁኑ አዘጋጅተው ለአካባቢዎ የሁለቱም ምክር ቤቶች ተወካዮች ይላኩ።