«ፍልስፍና እምነቴን ያስጥለኛል ወይ?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ሰሞኑን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ፍልስፍና ላጠና ነው። እናቴ ግን ሃይማኖትሽን ያስጥልሻል ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላት?» አጭር መልስ ልኬላት ነበር። ጥያቄው ግን አልለቀኝ አለ። ይህንኑ ነገር ከብዙ ዓመት በፊት የሚመልስልኝ ሰው ነበረኝ። መልሶልኛልም። መልሱ ግን ዛሬ የለኝም።

ሰውየው አጎቴ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ባለ አንድ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤተሰቡ ሳይቀር «የኔታ» ነበር የሚላቸው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ፍልስፍና እማራለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ሃይማኖት ሲነሳ «የሕዝብ ማደንዘዣ» ተብሎ ይታለፋል፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ታምን ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ማመኔንም አለማመኔንም ለሰው የማወራበት ጊዜ አልነበረም።

በዚያ መሃል ነው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን ያገኘሁት። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ በግእዝ የተጻፈ የፍልስፍና መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ስለ ራሱ እንደሚተርከው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ። ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር ሲታመስ ጠላቱ ለንጉሡ ከሰሰው፣ እሱም ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ኋላ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈ ኖረ፣ ሐተታውንም በ1667 ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ጻፈው።

እኔን የገረመኝ ዋሻው ውስጥ የሆነው ነው። ሰውየው ይጸልያል፣ ሲጸልይ ደግሞ «ለመሆኑ የሚሰማኝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰበት ዳዊቱ ነው። በእኛ ቁጥር መዝሙር 93 ላይ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» ይላል። ከዚያ ተነስቶ የምሰማበትን ጆሮ ማን ሰጠኝ፣ የማስብ አድርጎ ማን ፈጠረኝ፣ ወላጆቼስ ከማን መጡ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ጋ ሲደርስ ይቆማል። መጠየቅን ያስተማረው ጸሎቱ ነው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ግእዙን በእጄ ገልብጬ ለክረምት አገር ቤት ይዤው ሄድኩ። ማታ ከራት በኋላ በኩራዝ ለየኔታ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ያረሙት ንባቤን ነው። የግእዝ ንባብ ስልት አለው፣ ተነሹን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ሰያፍ አድርጌ ሳነብ በመቋሚያቸው ወለሉን ቋ ያደርጋሉ። ሳላስተካክል አንቀጥልም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን ይለበልበኛል፣ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም።

ምንኩስናን የሚነቅፍበት ቦታ ስደርስ ይቆጣሉ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ቆይ» አሉ። «ይህ ሰው ዋሻ ተቀምጦ፣ ዳዊት እየደገመ፣ እንደ ባሕታዊ እየለመነ ኖረ አላልከኝም?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ያሰበው መንኖ አይደለም? በምነና ያገኘውን ይዞ ምነና አይረባም ይላል? በል ቀጥል።»

እኔ ከክፍል የተማርኩት «ጸሐፊው የየትኛው መደብ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። እሳቸው የጠየቁት ቅድም ምን ብሎ ነበር ብለው ነው። ሰውን በራሱ ቃል መያዝ። ያን ማታ ከተማርኩት የሚበልጥ የአመክንዮ ትምህርት ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

ልቡና ጋ ደረስን። ሐተታው እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የልቡና ብርሃን ሰጥቷል፣ እውነትንና ሐሰትን በሱ መርምር ይላል። የኔታ ትንሽ አሰቡና «ልቡናውንስ በምን መረመረው?» አሉ። ዝም አልኩ። «አየህ፣ የሰጠኝ አይዋሽም ብሎ መጀመሪያ አምኗል። መመርመሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።»

የኔታ ዴካርት የሚባል ፈረንሳዊ ፈላስፋ ስሙንም አልሰሙም። ዴካርት ግን በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ እዚሁ ላይ ነው የተቸገረው። ጥርት ብሎ የሚታየኝ ነገር እውነት ለመሆኑ ዋስትናዬ የማያታልል አምላክ ነው አለ። ተቺዎቹ አምላክ መኖሩን ያረጋገጥከው በዚያው ጥርት ብሎ በታየህ ነገር አይደለም ወይ፣ በክብ እየዞርክ ነው አሉት። ይህን ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የምሰማው የየኔታን ድምፅ ነው። ትክክል ነበሩ እያልኩ አይደለም። ዛሬ ቢሆን «የኔታ፣ ልቡናን ለመጠራጠርም የምንጠቀመው ልቡናን ነው፣ ማምለጫ የለንም» እላቸው ነበር። ምን ይሉኝ ይሆን?

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ሐተታው ውስጥ ፈረንጁም (ካቶሊኩ) ግብጻዊውም (ኦርቶዶክሱ) እያንዳንዱ የኔ ሃይማኖት ነው ትክክል ይላል። ታዲያ ዳኛው ማን ነው? ሁሉም ከሳሽ፣ ሁሉም ተከሳሽ። ይህን ሳነብ የኔታ መቋሚያቸውን አስቀመጡ። ብዙ ቆዩ። «ይሄ ጥያቄ ነው» አሉ። ቀጥለው «ነገ» አሉኝና ተኙ።

በማግስቱ የምሄድበት ቀን ነበር። ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝ። ሻንጣዬን አንግቤያለሁ፣ የጭነት መኪናው ከገበያው ሊነሳ ነው። እዚያው እንደቆሙ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ተቀኙልኝ። ሁለት ቤት ብቻ። ለማታው ጥያቄ መልሳቸው ነበር። ስለ ዳኛና ስለ ሚዛን መሆኑ ገብቶኛል፣ ከዚያ ያለፈው ግን አልተፈታልኝም። ፍቱልኝ ብላቸው «አንተ ፍታው፤ ስትመለስ ትነግረኛለህ» አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ሮጥኩ።

አልጻፍኩትም። በሚቀጥለው ክረምት እመለሳለሁ ብዬ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ግን በስኮላርሺፕ ሶቭየት ኅብረት ተላክሁ። እዚያ «ሳይንሳዊ ኤቲዝም» የሚባል የግዴታ ኮርስ ነበር። አስተማሪው ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሲያልቅ ጠጋ አለኝና ስለ ላሊበላ ጠየቀኝ፤ ቅዳሴ አሁንም ይቀደስባቸዋል ወይ አለኝ። አዎ ስለው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ደብተሩን ሰበሰበ። ለምን እንደጠየቀኝ አልነገረኝም።

የየኔታ እረፍት በደብዳቤ ደረሰኝ። ኋላ አገር ቤት ስገባ ተማሪዎቻቸውን እየዞርኩ ጠየቅሁ፤ ያን ቅኔ የሰማ የለም። ለኔ ብቻ ነበር የተቀኙት። እስከ ዛሬ «ሚዛን» የምትለዋን ቃል ይዤ መሽቶ ሲነጋ የቅኔውን ቤት ልሞላው እሞክራለሁ። ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ለእናትሽ «ምንም አይነካኝም» ብለሽ አትዋሻት። ይነካሻል። ካስተማርኳቸው ውስጥ እምነታቸውን የተዉ አሉ፣ ጸንተው የወጡ አሉ፣ ድቁና ተቀብለው የመጡና ፍልስፍናውን ከኔ በላይ ያወቁ አሉ። አብዛኛው ግን መሃል ላይ ነው ያለው፣ መሃል ላይ መኖር ደግሞ ነውር አይደለም። ይልቅ ያነበብሽውን ለእናትሽ አንብቢላት። ምን እንደምትልሽ ስሚ፣ ስልክሽ ላይ ቅጂው። እናንተ እኮ መቅጃ በኪሳችሁ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት።

አሁን አሁን በቀጥታ ስርጭት የሚደረገውን የሃይማኖት ክርክር አያለሁ፣ ልጆቹ ሲበዛ ፈጣኖች ናቸው። ጥያቄው ሳያልቅ መልስ አለ። ሰው ለአፍታ ዝም ካለ «ተዘረረ» ይባላል። አማኙም እንደዚያው፣ «ሳይንስ ጨርሶታል» የሚለውም እንደዚያው። በዚያ ስሌት የኔታም «ነገ» ሲሉኝ ተዘርረዋል ማለት ነው። በሌላ በኩል እኛ በሹክሹክታ እንኳ የማንለውን እናንተ በአደባባይ ትጠይቃላችሁ፣ እሱን አትልቀቁት።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ሐተታውን አንብቡ ስል የመጀመሪያው ጥያቄ «ፎርጅድ ነው አይደል?» ነው፣ ከዚያ መጽሐፉ አይከፈትም። ክርክሩ እውነተኛ ነው። ጽሑፉን በ1850ዎቹ የኢትዮጵያን ብራና ይሰበስብ ለነበረው ለዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ሚስዮናዊ ነበር፤ በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ራሱ ሚስዮናዊው ነው የጻፈው አለ፤ የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ አዲስ አበባ ሆነው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ለብዙ ዓመታት ተሟገቱ። እስከ ዛሬ አልበረደም። የኔ አቋም ማንም ይጻፈው ማን ክርክሩን መርምሩ ነው። የኔታም ማን ጻፈው ብለው አልጠየቁኝም። ግን አንዱ ተነስቶ «ቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ሊያስብ አይችልም» ሲል ደሜ ይፈላል፣ አቋሜም ይጠፋኛል። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንዴት እንደሚያስብ በኩራዝ ብርሃን አይቻለሁ። ይህ ለክርክሩ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ቢሆንም።

ሙስሊም ልጆቼ «የኛስ?» ትሉኛላችሁ። የናንተ ቤት ሀብታም ነው። ኢማም አል-ገዛሊ ፈላስፎችን ከመንቀፋቸው በፊት ትምህርታቸውን አጥንተው ራሱን በቻለ መጽሐፍ አስቀምጠውታል። በ1095 ኒዛሚያ በሚባለው የባግዳድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የነበራቸውን ትልቅ ወንበር ጥለው የወጡት ጥርጣሬና ጭንቀት አንደበታቸውን እስኪይዝ ድረስ ተፈትነው ነው። መቶ ዓመት ሳይሞላ ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ ከስፔኗ ኮርዶባ መለሱላቸው። እሳቸውም ቃዲ ናቸው፣ ፍልስፍናን ማጥናት ለሚችል ሰው ሸሪዓው ራሱ ያዘዋል ባይ ናቸው። ሁለቱም አማኞች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን በቃሉ ይዞ ነው የሚሟገተው። ስታነቡ ገዛሊን አስቀድሙ። ኢብን ሩሽድን ካስቀደማችሁ ጥያቄው ሳያስጨንቃችሁ መልሱ ይደርሳችኋል።