ለጥያቄ ጊዜ ተዉ

ሰሞኑን እዚህ ጅማ የዜግነት ትምህርት የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት መጥታ «ጋሼ፣ ተማሪ ሰው የሚጨቃጨቅበትን ነገር ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ዝም ብዬ መጽሐፉን ላስተምር?» አለችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። ለእሷም፣ ማስተማር ለጀመራችሁ ሁሉም ልጻፍ ብዬ ነው።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፕላዝማ፣ ክፍል ውስጥ የሚሰቀለው የማስተማሪያ ቴሌቪዥን፣ ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። የሚያስተምሩት ሰዎች ቅላጼ ለእኛ ለመምህራኑም ይከብደን ነበር። ማቆም የለ፣ መመለስ የለ። ለመምህሩ የሚተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጆቹ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ነው የተማሩት። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ማድረጉን ዛሬም እደግፋለሁ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ሁሉም ነገር ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል።

የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ነበር። ርዕሱ ቁጠባ ነው፣ ትምህርቱ ከሚያስተምራቸው አሥራ አንድ እሴቶች አንዱ። ከአጋሮ በኩል መጥቶ ጅማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበረኝ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ ይዞ ሲገባ አሁንም ይታየኛል። ፕላዝማው እየተናገረ ሳለ ተነሥቶ ቆመ። በአፋን ኦሮሞ «ቲቸር፣ ቡና ዋጋ ሲያጣ አባቴ ከምኑ ላይ ይቆጥብ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የዓለም የቡና ዋጋ ወድቆ ስንቱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የዚያ ገበሬ ልጆች ናቸው። ስለ ገበያ፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ መንግሥት ኃላፊነት ሳምንት ሙሉ የሚያነጋግር ጥያቄ ነበር። ፕላዝማው ሲያበቃ ተደወለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሳተላይቱ ሌላ ርዕስ ይዞ መጣ። ልጁ ያን ዓመት ዳግመኛ እጁን አላወጣም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ጭቅጭቁ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ ነው። ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የተዘጋጀው የታሪክ ትምህርት ስንቱን አጨቃጨቀ! ይዘት ቀላል ነገር ነው አልልም፤ የማን ታሪክ ተጻፈ የሚለው እኔንም ያመኛል። ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ልጅ የወደቀው መጽሐፉ ላይ አንድ አንቀጽ ስለጎደለ አይደለም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደፋሮች ናችሁ፣ ደስ ይለኛል። ፌስቡክ ላይ በታሪክ ስትሰዳደቡ ማምሸታችሁ ግን ያናድደኛል። አብዛኞቻችሁ የምትጣሉበትን መጽሐፍ ገልጣችሁ እንኳ አላያችሁም።

መጽሐፉን አትዝለሉ፤ ፈተናው የሚወጣው ከእሱ ነው። ከክፍለ ጊዜው ግን አሥር ደቂቃ ለጥያቄ ተዉ። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ የራሳችሁን አቋም አታስቀድሙ። ልጆቹ ሁለቱም ወገን የሚለውን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ማስረጃው የቱ ነው ብላችሁ ጠይቋቸው። ደወል ከቀደማችሁ ጥያቄውን ደብተራችሁ ላይ ያዙና በማግስቱ ከእሱ ጀምሩ። ርዕሰ መምህሩ እንዳይቆጣ ደግሞ አሥሩን ደቂቃ ሌሰን ፕላናችሁ ላይ አስገቡት።