ፊል ስመታ ቤዚስቱ ያፈጥብኛል

ጥያቄ፦ ድራም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቤት ለብቻዬ ስለማመድ ፊሎቼ (ዋናውን ምት ሰበር አድርጌ የማስገባቸው አጫጭር ማሟያዎች) አሪፍ ናቸው። ከልጆቹ ጋር ጃዝ ስንጫወት ግን ፊል ገብቼ ወደ «አንድ»፣ ወደ መጀመሪያው ምት፣ ስመለስ ከቤዚስቱ ጋር አንገናኝም፣ ዞሮ ያፈጥብኛል። ምን ብለማመድ ይሻለኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቤዚስቱ ልክ ነው ወንድሜ። እኔም ስንቴ ተፈጦብኛል። ፊል ሲመጣ እጃችን ቶሞቹን (ዙሪያውን ያሉትን ከበሮዎች) ለማዳረስ ሲሯሯጥ ግራ እግራችን ሃይ ሃቱን (በፔዳል የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) ይረሳዋል፣ ታይሙ የሚያመልጠንም እዚያ ጋ ነው።

ስለዚህ ፊሉን አሳጥረው። ሁለት ቢት (ምት) ይበቃሃል። ሦስት ባር (እያንዳንዱ አራት ቢት) ስዊንግህን፣ የጃዙን ዘለል ያለ ምት፣ ራይዱ (ትልቁ ሲምባል) ላይ ትመታለህ፣ አራተኛው ባር ላይም እስከ ሁለት ድረስ ምንም አትቀይርም፣ ከዚያ ሦስትና አራት ላይ ብቻ ቀኝ፣ ግራ፣ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ)፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ኪክ ብለህ «አንድ» ላይ ራይድና ኪክን እኩል ታሳርፋለህ። ሁለቱም እጅ ስኔር (ፊትህ ያለው ከበሮ) ላይ ይሁን፤ ቶሙ የትም አይሄድም። ሃይ ሃቱ ሁለትና አራት ላይ መዝጋቱን አያቆምም። አራት ላይ ከቀኝ እጅህ ጋር እኩል ካልወደቀ ቸኩለሃል ማለት ነው።

አቆጣጠሩ ካስቸገረህ «በርበሬ» በል። የምሬን ነው! በር-በ-ሬ፣ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ በርበሬ። የስዊንጉ ዝላይም (ከቢቱ ቀድማ የምትገባው አጭር ምት) የሚወድቀው «ሬ» ላይ ስለሆነ ከራይድ ወደ ፊል ስትገባ ስሜቱ አይቀየርብህም። ቺክቺካ ሲሰማ ላደገ ጆሮ ደግሞ ሦስት ሦስቱ እንግዳ አይደለም።

ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን) በደቂቃ 60 ላይ አድርገውና ምቱን እንደ ሁለትና አራት ቁጠረው፤ የምትጫወተው በ120 ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ያናድዳል፣ አትተወው።

ልምምዱ በአራት ባር ነው፣ ከባንድ ጋር ግን በየአራቱ ባር ፊል አትጎስር፣ ይሰለቻል። ባለ 32 ባሩ ዘፈን በስምንት ስምንት ስለሚከፈል ስምንተኛው ባር መጨረሻ ላይ ምታ። የጃዝ ድራመሩን አርት ብሌኪን ስማው፦ አንዳንዴ ስኔሩ ላይ አንድ ሮል (ያልተቋረጠ ፈጣን ምት) እያሳበጠ ያመጣና ሶሎ የሚጀምረውን ሰው ከኋላ ገፍቶ ያስገባዋል፣ ሌላ ምንም አይጨምርም።

በሚቀጥለው ልምምድ ሁለቷን ቢት ብቻ ይዘህ ሂድ። ቤዚስቱ ካልዞረ ገብታለች።